የምርጫ ድንጋይ

ወንድሜ ያን ቀን ጠዋት ባጃጁን ያጥብ ነበር። ባጃጁ የሚያድረው በከተማው በኩል፣ ወንዙ ዳር ካለ የዘመዳችን ግቢ ውስጥ ነው። ወደኛ ሰፈር የሚያሻግር ድልድይ ስለሌለ ቤት ይዞት አይገባም። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ ማንጎ እበላለሁ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ምርጫው ከነገ ወዲያ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመርጥ ስለሆነ የመራጭነት ካርዴን በሸሚዜ ኪስ ይዤ እዞር ነበር።

«ያ አኺ፣ እስቲ አሳየኝ» አለኝ፤ ወንድሜ ሆይ ማለቱ ነው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ካርዱን ተቀበለኝ፤ ወደ ፀሐይ አንስቶ እንደ ብር ኖት አገላብጦ አየው። «ይሄ ካርድ ቢጠፋ ዓሚ ያለቅሳል። አንተ ብትጠፋ ግን እንጃ።»

ዓሚ የምንለው የአባታችንን ታላቅ ወንድም ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገን እሱ ነው። የሰፈሩም ሽማግሌ ነው።

«ለማን ነው የምትመርጠው?» አለኝ።

«ለቁልፍ ምልክት ነዋ። ቃል ተሰጥቷል።»

«ማን ሰጠ?»

«ዓሚ።»

«ዓሚ ከመጋረጃው ኋላ አብሮህ ይገባል?»

«አይገባም።»

«እንግዲህ!» አለና የባልዲውን ውሃ እግሬ ላይ ደፋው። ዘልዬ ስነሳ ማንጎው ወደቀብኝ። እሱ ሳቀ። አንተስ ለማን ነው የምትመርጠው ስለው «ለሚስቴ» አለኝ። ሚስት ገና አልነበረውም። የሚያገባበትን ክፍል ግን ከቤታችን ጋር አያይዞ ገንብቶ ጨርሶ ነበር፤ የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

ከዚያ ሳሙናውን ውሃ ወሰደው፣ ተከትዬ ያዝኩለት፣ እሱም ወደ ሥራው ሄደ። ሌላ ነገር አልተባባልንም።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። አማርኛ የትምህርት ቤት ቋንቋዬ ነው፤ ቤት ውስጥ የምንናገረው የበርታ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ስለ ምርጫ ክልላችን መናገር አለብኝ። ያለዚያ በኋላ የምነግራችሁ ሰውዬ ምን እንዳደረገን አይገባም።

የምርጫ ክልላችን ሁለት ወገን አለው። ወዲያ የአሶሳ ዳርቻ ነው፤ መምህራን፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች የሚኖሩበት። ወዲህ እኛ ነን፤ ድሮ ገጠር የነበርን፣ አሁን በወረቀት ከከተማው ጋር የተደባለቅን። በመሃል ወንዙ አለ። ክረምት ከበጋ ሌላ ወንዝ ነው።

የወዲያዎቹ ድምፅ ይከፋፈላል። መምህሩ ለአንዱ ይመርጣል፣ ጎረቤቱ ለሌላው፤ ባልና ሚስት እንኳ ይለያያሉ ይባላል። እኛ አንለያይም። ምርጫ ሲቀርብ ሽማግሌዎች ከትልቁ ማንጎ ሥር ይቀመጣሉ። ከአንድ ገበታ ገንፎ ይበላሉ። ሲነሱ ምልክቱ ታውቋል። ከዚያ በኋላ ወንዱም ሴቱም ለዚያ ምልክት ነው የሚመርጠው። ውጤቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ የኛ ጣቢያ ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ረጅም ቁጥር ነው፤ ሌላው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከተማው ተከፋፍሎ እኩል ሲሆን የሚያሸንፈው እኛ በሄድንበት ነው። ተወዳዳሪዎች ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው ከተማው ውስጥ ፖስተር የሚለጥፉት፣ እኛ ጋ ግን በእግራቸው የሚመጡት።

ይህ ልማድ የፈረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የምጽፈው ስለዚያ ጠዋት ነው።

የኛ ሰፈር የምርጫ ታሪክ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በድንጋይ ነው ያለው። ምርጫ ሊደርስ ሲል አንድ መኪና ድንጋይ ወንዙ ዳር ይደፋል። ለድልድዩ ነው ይባላል። ሰዎች ይጨፍራሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ከምርጫው በኋላ ሲሚንቶው አይመጣም፣ ግንበኛው አይመጣም። ክረምቱ ይመጣል። ድንጋዩ ሳር ይወጣበታል፣ ፍየል ይወጣበታል። በመጨረሻ አንዲት መበለት ግድግዳዋ ይፈርስባታል፤ ሽማግሌዎች ጥቂት ትውሰድ ይላሉ። ከዚያ ሌላው ይወስዳል። ከዚያ ሁሉም። ማንንም ሌባ አንለውም ነበር፤ ተጥሎ የከረመ ድንጋይ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ድንጋይ ቀይ ነበር፤ አሁን የመስጊዱ ደረጃ ነው። ያን ያስደፋው ሰው ሞቷል። የሁለተኛው ጥቁር ነው፤ የዓሚ ቤት መሠረት እሱ ነው። የሦስተኛው ግራጫ ነው፤ ወንድሜ የሚያገባበትን ክፍል የገነባበት። ጥቁሩንም ግራጫውንም ያስደፋው አንድ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም። ሰውየው እለዋለሁ። የኛው ልጅ ነበር፤ አያቱ እዚሁ ሰፈር ተቀብረዋል። የፌዴራል ምክር ቤት ወንበር በኛ ድምፅ ይዞ ቤቱን ግን በከተማው በኩል ሠራ። ምልክቱ ቁልፍ ነበር። በዚያ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ሊወዳደር ሲመጣ ድንጋይ እንኳ አላስደፋም። ዓሚ ግን ከማንጎው ሥር ገንፎውን በላ።

ወንድሜ የሞተው ያን ዓርብ ሊመሽ ሲል ነው።

በኛ በኩል ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ወደ ላይ፣ ከኮረብታዎቹ ነው። ወንድሜ ጫማውን በአንድ እጁ፣ ዳቦ የያዘ ፌስታል በሌላው ይዞ እንደ ሁልጊዜው ገባ። ልብስ የምታጥብ ጎረቤታችን የጎርፉን ድምፅ ቀድማ ሰማች። «ቆይ! ተመለስ!» ብላ ጮኸች። እሱ መሃል ደርሷል። እጁን አውለበለበላት፤ ሰላም ያለችው መስሎታል። ይህን የነገረችን እሷ ናት። ውሃው እንደ መኪና መጣ አለች።

ያገኘነው በማግስቱ ማለዳ፣ ከታች ቀርከሃው ውስጥ ነው። ፌስታሉ እጁ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ዳቦው ሟሙቷል። ከቀትር በፊት ቀበርነው።

ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ዱዓ ሲያደርግ ሰውየው መጣ። መኪናውን ከወንዙ ወዲያ አቁሞ በአንድ የአጎቴ ልጅ ጀርባ ላይ ተሻገረ። ውሃው ጎድሎ ጭን ላይ ደርሶ ነበር። በኛ ዘንድ እንግዳ ውሃ አይረግጥም፤ የሚሄድበት ቤት ወጣት በጀርባው ያሻግረዋል። ጫማው ደረቅ እንደሆነ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

በመጀመሪያ በቋንቋችን «አላህ ይርሐመው» አለ። አብሮት የመጣው ልጅ ካሜራ ሲያወጣ ወደ አማርኛ ዞረ።

«ቅስቀሳ አልቋል፤ ሕግ አለ» አለ። «እኔ የመጣሁት ለቅሶ ልደርስ ብቻ ነው።» ከዚያ ቀሰቀሰ። ድልድዩ በበጀት ተይዟል አለ። ክረምቱ ሲወጣ ይጀመራል አለ። «ድልድዩ በዚህ ልጃችን ስም ይጠራል። የ...» ብሎ ቆመ። ወደ ዓሚ ጎንበስ አለ። ዓሚ በጆሮው የወንድሜን ስም ነገረው። ሰውየው ቀና ብሎ ስሙን ለካሜራው ተናገረ።

ያኔ ነው እንዲሞት የፈለግኩት። አልዋሽም። ከዚያ በፊት እያለቀስኩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንባ አልወጣኝም።

ያች ወንዝ ዳር የጮኸችው ጎረቤታችን ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። «ድንጋዩስ የታለ?» አለችው።

ሰውየው ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ድንጋዩማ እናንተ ጋ ነው። እኔ ድልድይ ባመጣ እናንተ ቤት ሠራችሁበት።» አብረውት የመጡት ሳቁ፤ ለቅሶ ላይ። «የመንግሥት ንብረት ነበር እኮ። እኔ ዝም ያልኩት ስለምወዳችሁ ነው።»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ዓሚም። ምን ይበል፤ ከማንጎው ፊት ለፊት የቤቱ መሠረት፣ ጥቁሩ ድንጋይ ይታያል። ሰውየው ያን የተናገረው ሆን ብሎ ነው። ሐዘናችንን ወደ እፍረት ለወጠው። እኔም ለአንድ አፍታ አፈርኩ፤ ከሁሉ በላይ የማልምረው ለዚያ ነው። ወንድሜን በቀበርኩበት ቀን በወንድሜ ክፍል እንዳፍር አደረገኝ።

ዓሚን ወደ ጓሮ ጠራሁት።

«ነገም ለሱ ነው?»

«ቃል ነው ልጄ።»

«ወንድሜን ገደለው።»

«የገደለው ውሃ ነው። የአላህ ነው። ሶብር አድርግ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብንከፋፈል ማን ይቆጥረናል? እነዚያ ከተማ ያሉት ተከፋፍለው ምን አገኙ?»

«አስፋልት» አልኩት።

ዓሚ ሲናደድ አይጮህም፤ ጢሙን ይይዛል። ጢሙን ያዘ። «እንግዳው ውሃው ሳይሞላ ይሻገር» አለ። «አንተ አሻግረው። የቤቱ ወጣት አንተ ነህ አሁን።»

«አሁን» ማለቱ አስከፋኝ። ግን ዓሚን እምቢ ብዬው አላውቅም።

ሰውየው ጫማውን አውልቆ ለኔ ሰጠኝ፤ ክሩን አያይዤ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ተጎንብሼ ወጣብኝ። ከባድ ነው። ሽቶ ይሸታል። ካሜራ የያዘው ልጅና ሌሎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቀድመው ገቡ። እኔ ቀስ አልኩ። እነሱ ማዶ ሲደርሱ እኔ መሃል ላይ ነኝ፤ ጎረቤታችን በጣቷ ያሳየችኝ ቦታ። እዚያ ቆምኩ።

«ምነው?» አለኝ።

«እዚህ ነው» አልኩት።

ገባው። እጆቹ አንገቴ ላይ ጠበቁ። ውሃው ጭኔን ይገፋል፣ እግሬ ሥር ጠጠሩ ይንሸራተታል። ትከሻዬን ትንሽ ባዘነብል ይበቃ ነበር።

«ልጄ» አለ። በዚያ ሰዓት በቋንቋችን ነው የተናገረው። «ልጄ፣ አስራ ሁለተኛን ጨርሰሃል አይደል? ከምርጫው በኋላ ቢሮ ና። ሥራ አለ።»

ሊስቀኝ ነበር። በሟች ወንድሜ ቦታ፣ ጀርባዬ ላይ ሆኖ፣ ይቀሰቅሰኛል። ብጥለው ምን እንደሚሆን አሰብኩ። ቢበዛ ይረጥባል፤ ማዶ ያሉት ያወጡታል። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቀዋል፤ እንግዳ ጥለናልና። ነገ ካሳ ብለው ድምፃቸውን ጨምረው ይሰጡታል። ውሃው ለሱ ቀላል ነው። እሱ የሚፈራው ሌላ ነገር ነው።

ተራመድኩ። ማዶ አወረድኩት። ጫማውን ከአንገቴ አውርጄ ሰጠሁት፤ ደረቅ ነበር።

«ጎበዝ» አለ፤ ትንፋሹ ሲመለስለት አማርኛውም ተመለሰ። «ነገ ጣቢያው ላይ እንገናኝ።»

«እንገናኛለን» አልኩት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ድጅኖ ይዤ ከወንድሜ ክፍል ፊት ቆምኩ። የማእዘኑን ግራጫ ድንጋይ መፈንቀል ጀመርኩ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ከዓርብ ማታ ጀምሮ አልተናገረችም ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ድንጋዩን ልመልስለት ነው።»

የምትከለክለኝ መሰለኝ። ጎንበስ ብላ መሠረቱን አየች። «ያ ትንሽ ነው» አለች። «ትልቁን አውጣ።» ገብታ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የወንድሜ ሸሚዝ ኪስ የመራጭነት ካርዱን አመጣችልኝ።

ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወንዙን ተሻገርኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማንም አልደረሰም፤ ጥበቃው ብቻ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ቆሟል። ድንጋዩን በሩ ፊት፣ ሰልፉ ከሚጀመርበት አስቀመጥኩ። ካርዱን ላዩ ላይ አድርጌ በጠጠር አስያዝኩት። እኔ ከኋላው ቆምኩ።

አሶሳ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ለዳቦም፣ ለዘይትም፣ ለነዳጅም ስንሰለፍ ጉዳይ ያለበት ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩ እሱ ነው። ሰልፉ ሲሄድ ከኋላ ያለው ይገፋለታል እንጂ ማንም አልፎት አይገባም። የሰው ድንጋይ ከወረፋ ያወጣ ሰው ስሙ ይጠፋል።

ጥበቃው መጥቶ አየው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ወረፋ።»

«ለምርጫም ጀመራችሁ?» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ሰው መጣ። የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች በጀርባ እየተሻገሩ መጡ። ዓሚ ድንጋዩን አየ፣ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ። ከኋላዬ ቆመ። ሌሎቹም ተከተሉ። በሩ ሲከፈት አስፈጻሚዋ ወጥታ «የመጀመሪያው ይግባ» አለች። ማንም አልተነቃነቀም።

«የማን ነው ድንጋዩ?»

«የወንድሜ ነው።»

«የት ሄዶ ነው?»

ከኋላ አንዱ «ይጠበቅ» አለ። ሌላው «እስካሁን ስንጠብቅ አይደል የኖርነው» አለ። ሴቶቹ ዘንድ ጉርምርምታ ተሰማ። አስፈጻሚዋ የከተማ ሰው ናት፤ ነገሩን ግን ከፊታችን አነበበችው መሰለኝ፤ አልተቆጣችም።

ሰውየው የመጣው ያኔ ነው። ካሜራው ከፊቱ እየሄደ። ሁልጊዜ የሚመርጠው በኛ ጣቢያ ነው፤ አያቱ ከተቀበሩበት ሰፈር ጋር አብሮ ሲመርጥ እንዲታይ። ሁልጊዜም ሰልፉ ተከፍቶ ያስቀድመዋል። እየሳቀ፣ እጅ እየነሳ እስከ በሩ ድረስ መጣ።

«ጎበዝ፣ ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ እግሩ ሥር አየ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ወረፋ ነው።»

«የማን?»

«ስሙን እርስዎ ትናንት ዓሚን ጠይቀው ነበር» አልኩት። «አሁን ይንገሩን።»

አፉን ከፈተ። ካሜራው እያየው ነው። ዓሚ እያየው ነው። ትናንት ለካሜራ የጠራው ስም አልመጣለትም። አንድ ቀን እንኳ አልያዘውም። ሳቅ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም። ከዚያ እኔ ትናንት ሳላረጥብ ባሻገርኩት ጫማ ጫፍ ድንጋዩን ገፋ አድርጎ መንገድ ከፈተ። ጠጠሩ ተንከባለለ። ካርዱ ጭቃ ላይ ወደቀ።

ዓሚ ወገቡ ያመዋል። ለመጎንበስ ከለመደው በላይ ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም አላገዘውም፣ ሁሉም ቆሞ አየው። ካርዱን አነሳ፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ድንጋዩን በሁለት እጁ ጎትቶ ወደ ቦታው መለሰ። ካርዱን ላዩ ላይ አደረገ። ቀና ሲል ጢሙን አልያዘም።

«ወረፋ ያዝ» አለው በቋንቋችን። «ከኋላ።»

ሰውየው «ዓሚ» ሲል ሰማሁት፤ ልጅ ሆኖ ይጠራው እንደነበረው። ዓሚ ወደሱ አልዞረም። ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «የወንድምህን ወረፋ አንተ ግባበት» አለኝ። «እዚያ ውስጥ ብቻህን ነህ።»

ገባሁ። ሁለት ወረቀት ሰጡኝ፤ የፌዴራሉንና የክልሉን። ከመጋረጃው ኋላ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ አየሁት። የሰውየው ፎቶ እንዳለ መሰለኝ፤ አልነበረም፣ ቁልፍ ብቻ ነው። ምልክቴን ሌላ ቦታ አደረግኩ። እርሳሱን በጣም ስለተጫንኩት ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር። ከዚያ አጥፌ ጨመርኩት፤ አውራ ጣቴን ቀለም ቀቡኝ።

ስወጣ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ሰውየው ጫፉ ላይ፣ ማንጎ ከሚሸጡት አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ካሜራው ወደ ቦርሳው ገብቷል። ከፊቱ የኛ ሰፈር ሰዎች አንድ በአንድ ገብተው ይወጣሉ፤ ሲያልፉ ጫማቸው ድንጋዩን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ።

ካርዱን ኪሴ አስገባሁ። ድንጋዩን ከበሩ ወዲህ ፈቀቅ አድርጌ ተቀመጥኩበት። ቀለም የተቀባ ጣቴን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። የሰውየው ተራ እስኪደርስ ድረስ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳሁም።